ሽጉጥ ታጥቄ ሽምግልና የሄድኩ ዕለት

ከእናንተ መካከል ሽጉጥ ልግዛ ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ይህን ሰምቶ ሳይጨርስ ከመቀመጫው እንዳይነሳ። እኔ ስለ ሽጉጥ ብዙ አውቃለሁ። አንድም ቀን ተኩሼ አላውቅም እንጂ ብዙ አውቃለሁ። እውቀቴን ያገኘሁት ከስልኬ ነው። ባለቤቴ የወለደች ልጃችንን ልታርስ ኮዬ ፈጬ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ጭር አለብኝ። ሰው ብቻውን ሲሆን ወይ ይጸልያል ወይ ስልክ ይነካካል፤ እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። መጀመሪያ የማየው ስለ ዶሮ እርባታ ነበር። ከዶሮ ተነስቼ እንዴት ሽጉጥ ላይ እንደደረስኩ እግዚአብሔርና ስልኩ ይወቁት።

ሰበታ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ እሸጣለሁ፦ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ ሲሚንቶ። አልፎ አልፎም ዕቃ አስጭኜ ተፍኪ ድረስ እወጣለሁ። አንድ ቀን ከዚያ ስመለስ አንድ ደንበኛዬ «አንተ፣ በዚህ መንገድ ባዶ ወገብህን ነው የምትመላለሰው?» አለኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ወገቤ ባዶ መሆኑን አላውቅም ነበር። ባለቤቴማ «ሞልቷል፣ ቀንስ» ነበር የምትለኝ።

ፈቃዱን በወጉ አወጣሁ፣ ሽጉጡንም በወጉ ገዛሁ። ሕገ ወጥ ነገር ይመጣል ብሎ ያቆበቆበ ሰው ካለ ይቅርታ፤ እኔ ሕግ አክባሪ ሞኝ ነኝ። ሽጉጡ «ኮምፓክት» የሚሉት ዓይነት ነው፤ ከትልቁ ያጠረ፣ ከትንሹ የረዘመ። ከሁሉም በላይ ያኮራኝ ግን «ኦፕቲክስ ሬዲ» መሆኑ ነበር። ላስረዳችሁ። ከላይ፣ ጀርባው ላይ፣ በብሎን የታሰረች ቁራጭ ብረት አለች። እሷን ፈትታችሁ በቦታዋ አንዲት ትንሽ መስታወት ታስራላችሁ። በመስታወቷ ውስጥ ቀይ ነጥብ ትታያለች፤ ነጥቧ ካረፈችበት ጥይቱ ያርፋል ይባላል። መስታወቷ ታዲያ ለብቻዋ የምትሸጥ ናት፣ እኔ በጠየቅኩበት ቦታ ሁሉ ግን የለችም። ስለዚህ የእኔ ሽጉጥ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሽጉጥ ነው። ልጄ የምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ሊፍትም እንዲሁ ነው፤ ቦታው ተበጅቶለታል፣ ባለቤቴ ግን የአራስ ቅቤ ተሸክማ በደረጃ ትወጣለች። ለነገሩ እኔ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ የተጻፈውን እንኳ አጥርቼ አላይም። ለሽጉጥ መነጽር ስመኝ ዓይኔ ትዝ አላለኝም።

ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ እንደሚለው፣ የእንዲህ ዓይነት ሽጉጥ ዋናው ፈተና መደበቁ ነው። ታጥቀኸው ማንም ካላወቀብህ አለፈ፤ ከታወቀብህ ወደቀ። እሱ ራሱ ከካናቴራው ሥር ታጥቆ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ መኪና ይገባል፣ ይወጣል፣ ጫማውን ያስራል፤ ምንም አይታይም። እኔም ሱሪ ውስጥ የሚገባ፣ ቀበቶ ላይ በቆንጣጭ የሚያዝ የፕላስቲክ አፎት አስመጥቼ በቀኝ ጎኔ ሻጥኩና ሙከራዬን ጀመርኩ።

አንድ ነገር ሳላስተውል ነበር የጀመርኩት። ያ ሰውዬ ቪዲዮው እስኪያልቅ ድረስ ማንንም ሰላም አይልም! እኔ ግን የምኖረው ሰበታ ነው። ከቤቴ ሱቄ እስክደርስ ስንቱ ትከሻውን ያጋጨኛል፣ ስንቱ ያቅፈኛል፣ ለስንት አዛውንት እጎነብሳለሁ። የኛ ሰላምታ በኬላ ካለው ፍተሻ አይተናነስም። አንዱ ጉንጭህን እየሳመ በሆዱ ይገፋሃል፤ ሌላው ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ዝናቡ እስኪጠይቅህ ወገብህን ይዞ አይለቅም። በርጩማ ላይ መቀመጥ አለ፣ ባጃጅ ውስጥ መታጠፍ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ መስገድ አለ። ይህን ሁሉ ያላየ ሰው እንዴት ሽጉጥ ገመገምኩ ይላል?

እኔም ዘዴ አበጀሁ። ሰው ሲመጣ ቀኝ ጎኔን በእጄ እይዛለሁ። ስጎነብስ ወደ ግራ ብቻ እጎነብሳለሁ። ስቀመጥ በአንድ ጎኔ፣ ስነሳ «እህ» ብዬ። ብዙም ሳይቆይ ከሱቄ ፊት ለፊት አትክልት የምትሸጠው ጎረቤቴ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ አይደብቁኝ፤ ኩላሊት ነው አይደል?» አለችኝ። እንግዲህ ምን ልበል? ዝም አልኩ። ዝም ያለ ሰው ደግሞ አመነ ይባላል። በነጋታው ሰበታ በሙሉ ስለ ኩላሊቴ ያወራ ጀመር። አንዱ ገብስ ውሃ ይላል፣ አንዱ ጠጠር ነው ይላል፤ የንስሐ አባቴ መምሬም ጸበል በጀሪካን ይዘውልኝ መጡ።

ታላቅ እህቴ እትዬ አልማዝ ስትሰማማ አጥር ለአጥር ነንና ጫማ እንኳ ሳታደርግ ሮጣ መጣች። እናታችን ስትሞት እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በትልቅ ብርጭቆ የተልባ ውሃ ታመጣለች፤ ጨልጬ እስክመልስላት አጠገቤ ቆማ ትጠብቃለች። እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን ተልባውን እየጠጣሁ በሆዴ ምን እንደምል ታውቃላችሁ? «ሽጉጡ አልፏል!» ከተማ ሙሉ ሕዝብ ወገቤን እያየ ሽጉጥ ያላየበት ሰው ከእኔ ሌላ ማን አለ? ኩራቴ ተልባውን ሳይቀር አጣፈጠው።

ይህ እንዲህ እንዳለ የናሆም ጉዳይ መጣ። ናሆም የእትዬ አልማዝ አንድ ልጅ ነው። ገላን ፋብሪካ ውስጥ ሹፌር ነው፤ ጨዋ፣ አንገቱን የደፋ ልጅ። ሱሉልታ ሌንሴ የምትባል ልጅ ወዶ፣ እሷም ወዳው፣ የቀረው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር። እህቴ ተልባውን ካስጠጣችኝ በኋላ «አባት የለውም፤ አባቱ አንተ ነህ። ታመህብኝ ነው እንጂ ሌላ ማንን እልካለሁ?» አለችኝ። ለናሆም ብዬ በአራት እግሬም ቢሆን እሄዳለሁ አልኳት።

ለሽምግልና የሚሄድ ሰው መሣሪያ አይታጠቅም። በዚህ አገር አማራውም ኦሮሞውም ሳይከራከር የሚስማማበት ነገር ቢኖር ይኼ ነው፤ ልመና የሚሄድ ሰው ብረቱን ቤቱ አስቀምጦ ይሄዳል። እኔም አሳምሬ አውቃለሁ። ዳሩ ግን ከሙከራዎቹ አንድ ቀርቶኝ ነበር፦ ረጅም መንገድ በመኪና። ከሰበታ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ሱሉልታ! ከዚህ የተሻለ መንገድ ከየት ይገኛል? ደግሞስ ባለቤቴ የለች፣ ባዶ ቤት ሽጉጥ ይቀመጣል? ሞኝነት ሲመጣ ምክንያቱን ይዞ ነው የሚመጣ። ጥይቱን ቤቴ ቆልፌ፣ ባዶውን ሽጉጥ ሻጥኩ፤ ከላይ ሙሉ ልብሴን፣ ከሙሉ ልብሴ በላይ ጋቢዬን ደረብኩና ከመምሬ ጋር የኮንትራት መኪና ውስጥ ገባሁ።

ቡራዩ ላይ ሦስተኛውን ሽማግሌያችንን ኦቦ ዳባን ጫንናቸው። ኦቦ ዳባ የድሮ ወዳጄ ናቸው፤ የሌንሴን አባትም የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ትንሽ እንደሄድን ኬላ ላይ ውረዱ ተባልን። እኔ ቀድሜ ወርጄ ለፖሊሱ በጆሮው ሹክ አልኩት፣ ፈቃዴንም በጋቢዬ ሥር አሳየሁት። አየት አድርጎኝ፣ ሽማግሌዎቹን አየና «ይለፉ አባቴ» አለኝ። መኪና ውስጥ ስመለስ ኦቦ ዳባ «ምን ብለኸው ነው ሳይነካህ ያለፈህ?» አሉኝ።

«ሕመሜን ነገርኩት» አልኩ።

«ገለቶማ ልጄ! ጥሩ ፖሊስ ነው» ብለው በመስኮት አመሰገኑት።

ከዚያ እንደ ዋዛ ወሬ ጀመሩ። «የልጅቷ አባት ኦቦ ገመቹ ጥሩ ሰው ናቸው፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የማይወዱት። ብረት። ሽጉጥ የሚባል ነገር አታንሱባቸው።»

«ለ... ለምን?»

«የትልቋ ልጃቸው ሠርግ ላይ አንዱ ጉረኛ ለደስታ ብሎ ተኮሰ። ጥይቱ ጣራ ላይ ያለውን የውሃ ታንከር በስቶ ውሃው ሙሽራዋ ላይ ወረደ። የምትታለበዋ ላም ደንግጣ ገመዷን በጥሳ ድንኳኑን ይዛው ሄደች። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። እሳቸው ግን ማሉ። ናሆምን ፊት ለፊት ጠይቀውታል፤ ከዘመዶችህ ብረት የሚታጠቅ አለ ወይ? ልጁ ማንም የለም አላቸው። ‹ዋሽተኸኝ ባገኝህ ልጄን አልሰጥህም› ብለውታል።»

መምሬ «እውነተኛ ልጅ ነው» አሉ።

እኔ ጋቢዬን ወደ ቀኝ ጎኔ ሳብ አደረግኩ። ምን ላድርግ? ለማላውቀው ሹፌር ሽጉጥ አደራ አይሰጥ። ለኦቦ ዳባ ብናገር ናሆም በዚያችው ሰዓት ውሸታም ሆነ። ሳስበው ሳስበው አንድ ነገር ታየኝ፦ ልጁ እውነተኛ ሆኖ የሚቆየው ሽጉጡ እስካልታየ ድረስ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ ትዳር ከቆንጣጯ ላይ ተንጠለጠለ።

ሱሉልታ ስንደርስ ኦቦ ገመቹ ደጃፋቸው ላይ ተቀበሉን። ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። «አከም ጅርቱ! ነጋ? ኮታ፣ ኮታ፣ ግቡ!» ብለው መጀመሪያ መምሬን፣ ቀጥሎ ኦቦ ዳባን፣ ቀጥሎ እኔን አቀፉ። እኔን ሲያቅፉ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቆንጣጯ ተሰብራለች። አፎቱ ከነሽጉጡ ቁልቁል ሲንሸራተት ታወቀኝ፤ ጭኔ ላይ ሲደርስ በቀኝ እጄ በጋቢው ሥር ከሱሪዬ በላይ አፈፍ አደረግኩት። ካሁን በኋላ ይህን እጅ ማንሳት የለም። መቀመጥም የለም፤ የተቀመጥኩ እንደሆነ ከእጄ ሾልኮ በሱሪዬ እግር በኩል መውጣቱ ነው።

እዚህ ላይ ወጋችን ደረሰልኝ። ለልመና የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ሦስታችንም ቆምን።

«ምነው፣ ታአ እንጂ፣ ቁጭ በሉ» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መምሬ።

«እንሰማለን፣ ቁጭ በሉና እንሰማለን።»

መምሬና ኦቦ ዳባ በአንድ ቃል ተረቱና ተቀመጡ። እኔ ቆምኩ።

«እርስዎስ?»

«እኔ... ሙሉ መልስ ሳላገኝ አልቀመጥም!» አልኩ። ድምፄ ትንሽ ጮኸ። ኦቦ ገመቹ አተኩረው አዩኝ። ኦቦ ዳባም ሊረዱኝ ብለው «እሱ እኮ ኩላሊቱን በጣም ያመዋል፤ ታሞ ነው የመጣው» አሉ።

«ታሞ ነው የሚቆመው?» አሉ ኦቦ ገመቹ። ፊታቸው ሲለሰልስ አየሁት። «እንዲህ ያለ ሽማግሌ ካየሁ ቆየሁ። ድሮ ነው ሰው እንዲህ የሚለምነው።» ወደ ጓዳ ዞረው «ጫልቱ! ለኚህ ሰውዬ ወተት አምጪላቸው» አሉ።

ጉዳዩ ሊያልቅ ነው! በሆዴ ለሁሉም መላእክት ተራ በተራ ተሳልኩ። የሌንሴ እናት አዴ ጫልቱ ወተቱን በትልቅ ኩባያ ሞልተው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ዘረጉልኝ። ከእናንተ መካከል ከሙሽራ እናት እጅ ወተት በግራ እጁ ብቻ የተቀበለ ሰው አለ? የለም፣ ሊኖርም አይችልም። በግራ ብቀበል ንቀት፣ ባልቀበል ስድብ፣ በሁለት እጄ ብቀበል ደግሞ የሚሆነውን አውቃለሁ። ሴትዮዋ ጎንበስ እንዳሉ ናቸው። ምርጫ የለኝም። ሁለቱንም እጄን ዘረጋሁ።

ዱብ አለ። የሱሉልታ ምድር የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ሽጉጡ ከነአፎቱ በሱሪዬ አፍ ወጥቶ ጫማዬ ላይ፣ ከጫማዬ ወለሉ ላይ ተጋደመ፤ ያቺን መስታወት የሚጠብቀው ጀርባው ወደ ላይ ሆነ። እኔ ወተቴን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።

ኦቦ ገመቹ ቀስ ብለው አጎነበሱ፣ አዩት፣ ቀና አሉ። «ኩላሊትዎ ወደቀ» አሉኝ።

የሳቀ አልነበረም። መምሬ መስቀላቸውን ጨብጠው «አንተ ሰውዬ! ለዚህ ነው እኔ ጸበል በጀሪካን የተሸከምኩልህ?» አሉ። ኦቦ ዳባ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። አዴ ጫልቱ አፋቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሸሹ።

«ባዶ ነው፣ ጥይት የለውም» አልኩ።

«እኔ የጠየቅኩት ስለ ጥይት አይደለም» አሉ ኦቦ ገመቹ። «ልጁን በዚህ ወንበር አስቀምጬ ጠይቄዋለሁ። የለም አለኝ። ሶባ ነው የነገረኝ፣ ውሸት! ለውሸታም ልጅ አልሰጥም። ወተትዎን ይጠጡና መንገድዎን ይሂዱ።»

ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ የደነገጥኩት። ለራሴ አይደለም። የናሆም አንገቱን የደፋ ፊት መጣብኝ። «ልጁ አልዋሸም» አልኩ፤ «አያውቅም። ማንም አያውቅም። ሰበታ በሙሉ ኩላሊቴን እንጂ ሽጉጤን የሚያውቅ የለም። እነዚህን ሁለት አዛውንት ይመልከቱ፣ የሚያውቁ ይመስላሉ?»

ኦቦ ገመቹ መምሬን አዩ፣ ኦቦ ዳባን አዩ፣ አሰቡ። «የልጁ እናት ጋ ይደውሉ» አሉኝ። «ላውድ ላይ ያድርጉት። ደህና ነሽ ወይ ብቻ ይበሏት፤ ሌላ ቃል እንዳይጨምሩ። ዱጋ ሞ ሶባ፣ እውነት ይሁን ውሸት፣ ከእሷ አፍ እሰማዋለሁ።»

ኩባያውን አስቀምጬ ደወልኩ። ገና አንድ ጊዜ ሳይጠራ ተነሳ።

«እትዬ፣ ደህና ነሽ?»

«ወንድምዬ! ምነው ድምፅህ? አመመህ እንዴ?» ቤቱ በእህቴ ድምፅ ሞላ። «ቆመህ ነው አይደል? አውቄያለሁ ቆመህ ነው! አትቁም ብዬህ አልነበረም? መምሬ የሉም እንዴ? ሰዎቹን ንገራቸው፣ ወንድሜ ኩላሊቱን ታሟል፣ አስቀምጡልኝ በላቸው። እምቢ ካሉህ ተመለስ። ልመናው ይቅር፣ ይቅር ብያለሁ! ናሆም ሌላ ሚስት ያገኛል፤ እኔ ሌላ ወንድም የለኝም።»

ከዚያ በኋላ ማልቀሷ ይሰማ ነበር። እኔ የማየው ወለሉን ብቻ ነው፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ያ የተረገመ ብረት አለ። ሙከራዬ እንዲህ ባማረ ሁኔታ የተሳካበት ቀን አልነበረም፤ እንዲህ ያፈርኩበት ቀንም የለም።

ኦቦ ገመቹ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ወሰዱ። «የናሆም እናት፣ እኔ ገመቹ ነኝ» አሉ። «አያልቅሱ። ልጅዎ እውነት እንደነገረኝ አሁን አረጋገጥኩ። ሌንሴን ሰጥቻለሁ።»

እልልታዋ ስልኩን ሊሰነጥቀው ደረሰ። ወዲያው ግን አቋርጣ «ወንድሜስ? ተቀመጠ?» አለች።

ኦቦ ገመቹ አዩኝ። «ይመጣል። የሆነበትን ራሱ ይነግርዎታል» ብለው ዘጉት።

ቀጥለው ሽጉጡን ከወለሉ አነሱና በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። እኔም ወጉ ነውና ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው። «በሠርጉ ዕለት እርስዎ በር ላይ ይቆማሉ» አሉኝ። «የሚገባውን ሰው ሁሉ ወገቡን ይፈትሻሉ። መደበቂያውን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ ለእህትዎ ይነግሯታል። ካልነገሯት ቃሌን አነሳለሁ።» አዴ ጫልቱ ያን ጊዜ ነው ሳቃቸው ያመለጣቸው። ወተቴን እንደገና ሞሉልኝ።

ሽጉጡን በጋቢዬ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ተመለስን። መምሬ እስከ ሰበታ ድረስ አላናገሩኝም። እኔም ስለ ሽፍታ፣ ስለ ተፍኪ መንገድ፣ ስለ ባዶ ወገብ ማሰብ ትቼ የማስበው ስለ አንዲት አሮጊት ሴት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

እትዬ አልማዝ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ክንዴን ይዛ አስገባችኝ፤ ደህናው ወንበር ላይ ትራስ ደርባበታለች። «ተቀመጥ የኔ ጌታ፣ ደክሞሃል» አለችኝ።

«አልቀመጥም እትዬ» አልኳት። «ልመና አለኝ።»